ደጅ ጥናት

የካቲት ነው፤ ዱሉዝ። ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፤
መርከቡ ወደብ ላይ ታስሮ ያንቀላፋል።
እኔም ሦስተኛው ፎቅ፣ ከመጻሕፍቱ ቤት፣
ጠባብ ክፍል አለኝ፣ ክምር የሞላበት።
ሙያዬ ማስታወስ፤ ሌላ እውቀት የለኝም፤
አስታዋሽን ደግሞ ማንም አይወደውም።

ደንቡ አጭር ነው፦
በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የሕክምና ጥናት
ታትሞ እንዳበቃ በሩ ይከፈት፤
የመጨረሻው ረቂቅ ከሕዝቡ ማኅደር
ይግባ፤ ቁጥሩን ይያዝ፤ ሳይውል ሳያድር።
ቁጥር አልባ ጽሑፍ ሪፖርት ላይ ከታየ
የከርሞው ድጎማ እዚያው ካዝና ቆየ።

ፕሮፌሰር ሌምኬ ግን ምክንያት አያጣም፤
«አሳታሚው ያስገባ»፤ አሳታሚው አላስገባም።
«ተማሪዬ ያውቃል»፤ ተማሪው ተመርቆ
ቺካጎ ገብቷል አሉ፣ ሚስት አግብቶ፣ ርቆ።
አምስት ጊዜ ጻፍሁ። በአምስተኛው ቢመልስ
አንድ የቆመ አውራ ጣት፤ ያለ ቃል፣ ያለ እስትንፋስ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስልኬ አንቃጨለ፤
«አይና ኮስኬላ ነኝ» የሚል ድምፅ ቀጠለ።
በሰሜን፣ በብረት ማዕድኑ አገር፣
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሠላሳ ዓመት የነዳች፣
ሳል አድምጦ እንዳደረ ሰው ቀስ ብላ ጀመረች፦

«ዋልፍሬድ፣ ባሌ፣ የብረቱን አቧራ አርባ ዓመት ጠጣ።
ሲታመም የእናንተ ሰው መርፌ ይዞ መጣ፤
ደም ቀዳ፤ ትንፋሹን ለክቶ መዘገበ፤
ከሳንባው ቆንጥሮ ጠርሙስ ውስጥ ሰበሰበ።
‹ይሁን፣ ለሌላው ይጠቅማል› ብሎ ፈረመ፤
ጥቅምት ላይ ግን ዋልፍሬድ መተንፈስ አቆመ።
ጥናቱ ወጣ ሲባል ጋዜጣ ላይ አየሁ፤
ላነበው ብገባ ዋጋ ተጠየቅሁ፦
አርባ ሁለት ዶላር፣ ለአንድ ቀን ንባብ።
ገንዘቡስ አይጠፋም፤ ከአስቤዛ ይታሰብ፤
ግን ልጄ፣ ንገሪኝ፣
የዋልፍሬድን ሳንባ ከማን ነው የምገዛው?»

መልስ አልነበረኝም።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤
የሳሯን ግን ከፋይ፣ እሱ እዚህ ምድር ላይ።
ግብሩን የከፈለ ከግብር አዳራሽ ቀረ፤
ፍርፋሪ ሊገዛ ከአጋፋሪ ጋር ተከራከረ።
እኛ ጥናት ስንል፣ ጥናት ስንቆጥር፣
ለካ ደጅ ጥናት ነው የደረሰው ላገር።

ስድስተኛ ደብዳቤ አልጻፍሁም። ካፖርቴን ደረብሁ፤
በረዶውን ረግጬ የሌምኬን በር አንኳኳሁ።
ሳንድዊች እየገመጠ ነበር። ስሙን ስነግረው
ማኘኩን ተወ። «ዋልፍሬድ? ያ ቀልደኛው?
ቱቦው ውስጥ ንፋ ሲሉት ያፏጭ የነበረው?»

ከዚያ ፈለግን፤ ፋይል በፋይል፤
«መጨረሻ»፣ «የመጨረሻ መጨረሻ»፣
«አሁን የእውነት የመጨረሻ» የሚል።
እሱ አጸደቀ፤ እኔ ሰቀልሁ።
ሥራው ራሱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ፤
ያ ነው እንግዲህ ሦስት ወር ሙሉ በር ላይ ያረጀ።

ቁጥሩ በሳምንቱ መጣ። ደወልኩላት ዓርብ ማታ።
«አነበብሁት» አለች፤ «ግማሹ ባይገባኝም፣ በዝግታ።
ሦስተኛው ሥዕል ላይ ነጥብ አለ፣ እንደ ዝንብ የተበተነ፤
እያንዳንዱ ነጥብ ሰው ነው ይላል። ዋልፍሬድ የቱን ሆነ?»

አላውቅም አልኳት፤ ስም ተሰውሯል፤ ይህም ደንብ ነው።
ዝም አለች። ከመስኮቷ ማዶ
የበረዶ መጥረጊያው መኪና ሲያልፍ ሰማሁት።

«ግድ የለም፤ አገኘሁት» አለች ቆየት ብላ፤
«ያቺ ናት፣ ከታች በስተግራ፣ ከመስመሩ ተነጥላ።
አርባ ዓመት ስኖር አብሬው
አንድም ቀን መስመር ሲገባ አላየሁትም፣ ያን ሰው።»